የእህቴን ልጅ ለመለሰችልኝ ሶሻል ወርከር

ስሟን አልጠራም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላየው» ብላ አስምላኛለች። የልጁንም ስም አልጽፍም፣ ፎቶውንም አልለጥፍም፤ ይሄንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚሁ ድሬዳዋ የሕፃናት ጉዳይ በሚታይበት ችሎት የምትሠራ ሶሻል ወርከር ናት። ልጅ ያላችሁ፣ የወንድም የእህት ልጅ የምታሳድጉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጁ የሟች እህቴ ልጅ ነው። ከሂርና እኔ ጋ ሲመጣ 12 ዓመቱ ነበር። አራተኛ ክፍልን እዚያ ጨርሷል። እኔም ገንደ ቆሬ ከቤታችን ቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት ፈልጌ አምስተኛ ክፍል አስገባሁት። የመጀመሪያውን ዓመት እንደምንም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ዩኒፎርሙን ለብሶ ከቤት ይወጣል፣ ክፍል ግን አይገባም። ታይዋን ገበያ ሲዞር ይውላል። እኔ ከንጋት ጀምሬ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስለምሸጥ ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሳውቅም ያደረግሁት ነገር ቢኖር መሳደብ ነው። «ደደብ» እለው ነበር። አሁን ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ሞባይል አንሥቶ ሲሮጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያዙት። 14 ዓመቱ ነበር። የወሰዱት ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ሁለት ሌሊት ከትልልቅ ሰዎች ጋር አሳደሩት። እኔም ሕጉን ስለማላውቅ ምግብ እያመላለስኩ በር ላይ አለቀስኩ እንጂ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ችሎት ሲቀርብ ነው ያገኘኋት። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለችና ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ «እድሜውን የሚያሳይ ምን ወረቀት አለሽ?» ብላ ነው። የልደት ሰርተፍኬት የለውም። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ ዐዋቂ አይቀጣም፣ ከዐዋቂ እስረኛ ጋርም አይታሰርም። 15 ካለፈ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልዩነት የልጅን ዕጣ ይቀይራል። ፖሊስም ልጅ ሲይዝ ሳይውል ሳያድር ፍርድ ቤት ማቅረብ እንዳለበት፣ ጉዳዩ እስኪታይ ለወላጅ ወይም ለዘመድ ሊሰጥ እንደሚችል የነገረችኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ሌሊት አንገበገበኝ።

ቤት ሮጬ ሳጥኔን ገለበጥኩ፤ ከሂርና ያመጣው መሸኛ ከነካርዱ ተገኘ። የትውልድ ዘመኑ ተጽፎበታል። እሷ ግን ዓመተ ምሕረቱን አይታ አላቆመችም፤ ካርዱን ገልጣ ብዙ ቆየች። «ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥቷል እኮ! የተማረው በምን ቋንቋ ነው?» አለችኝ። በአፋን ኦሮሞ ነው አልኳት። ሌላ ምንም አላለችም።

በነጋታው ቤቴ መጣች። ችሎቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ አኗኗር ጥናት ታቀርባለች። ግቢያችን ውስጥ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች፣ ወንበር ባቀርብላትም እምቢ አለች። የአማርኛ መጽሐፉን አስመጣችና «እስቲ አንብብልኝ» አለችው። ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይደናቀፍ ተወጣው። እኔ ኮራሁ። ወደ ውስጥ ብዙ ገጽ ገለጠችና ጣቷን መሐል መስመር ላይ አድርጋ «ከዚህ ጀምር» አለችው። ዝም አለ። ጣቱ መስመሩ ላይ ቀረ። ያንን ገጽ ለካ በቃሉ ይዞት ነው! ከቦርሳዋ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ አወጣችና ሰጠችው። ያን በላቲን ፊደል የሚጻፍ የቁቤ ጽሑፍ እንዴት እንዳነበበው ብታዩ! ቀና ብሎ እያየኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የጨረሰው።

ልጁ አማርኛ ሲናገር ድሬ የተወለደ ይመስላል። አንድ ቀን ፊደል ሳይቆጥር በአማርኛ የሚማር ክፍል ውስጥ እንደከተትኩት አልታየኝም። አንድ ዓመት ተኩል የሰሌዳውን ጽሑፍ እንደ ሥዕል ሲገለብጥ ኖሯል። ሲስቁበት ጊዜ ነው መሸሽ የጀመረው። እኛ ከተማ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም ማስተማሪያ ክፍል አለ፤ እኔ ቅርብ ያለውን እንጂ የሚሆነውን አልጠየቅሁም።

ጉዳዩ የታየው በዝግ ነው፤ ተመልካች የለም። ከሁሉ የፈራሁት ይወስዱታል ብዬ ነበር። ሕጉ ልጅን ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊልክ ይችላል፣ በተለምዶም ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ስሙ የሚታወቀው ተቋም ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። የቀፊራ ሽንኩርት ሻጭ በየስንት ወሩ ሄዳ ትጠይቀው? ዳኛዋ የእሷን ጥናት አንብበው ልጁ እኔው ጋ ሆኖ፣ ክትትል እየተደረገለት እንዲማር ወሰኑ። ስድስት ወር።

ስድስት ወሩን በየሐሙሱ ስትመጣ ጎረቤቶቼ ዘመዴ ነበር የምትመስላቸው። ሆን ብላ ነው፤ ፋይል ይዛ ግቢ አትገባም። አፋን ኦሮሞ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ያዛወረችው ርእሰ መምህሩን ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ለምና ነው። ከሰዓት ፊደል የሚያስቆጥረው ሰውም አገኘችለት።

የሱቁ ባለቤት፣ ደግ ሰው ነው፣ የተሰበረውን የሞባይል መስታወት ልጁ ሱቅ እየሠራ ይክፈለኝ ብሎ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። እሷ ግን ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል ብላ በትህትና እምቢ አለች። ዕዳውን እኔ ከዕቁቤ ከፈልኩ፤ ይቅርታውን ግን ራሱ ሄዶ ይጠይቅ አለች። ሄደ። ሰውየውም «አቦ፣ አልፎልሃል፤ ስታልፍ ሰላም በለኝ» አለው። ዛሬም ሰላም ሳይለው አያልፍም።

ሁሉም የተቃና መንገድ አልነበረም። በሁለተኛው ወር ልጁ ጠፍቶ ሁለት ቀን አደረ። ለገሃር አካባቢ ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት። መጥፋቱን ለችሎቱ ስትጽፍ ተቆጣሁ፣ አሳልፋ የሰጠችው መሰለኝ። በኋላ ሲነበብ ሰማሁ፤ የጠፋበት ቀን እናቱ የሞተችበት ቀን መሆኑንም ጽፋለች። እኔ እህቴን የቀበርኩ ሴት ቀኑን ረስቼው ነበር። ልጁን ጠይቃ ያወቀችው እሷ ናት።

አሁን ለእናንተ። ልጃችሁ ቢያዝባችሁ በር ላይ ቆማችሁ አታልቅሱ። እድሜውን ወዲያው ተናገሩ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን ጥሩልኝ በሉ፣ ከትልልቅ ሰዎች እንዲለዩት ጠይቁ። የልደት ሰርተፍኬት ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መሸኛ ፈልጉ፤ እንዲያውም ዛሬውኑ ሰርተፍኬቱን አውጡ። ችሎት ስትቀርቡ «ሶሻል ወርከሯ ጋ አገናኙኝ» በሉ። ብር አትጠይቅም፤ እኔ አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ ብሰጣት መልሳልኛለች። የምትጠይቃችሁ እውነቱን ነው። ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚመታው ትጠይቃችኋለች። አትደብቋት።

የሚያሳዝነኝ የሥራዋ ብዛት ነው። በዚህ በድሬ ፀሐይ አንዲት ሴት ከሳቢያን እስከ መልካ ጀብዱ ለስንቱ ቤት ትደርሳለች? የባጃጁን ከኪሷ ስትከፍል በዓይኔ አይቻለሁ። የሚመለከታችሁ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ እንደሷ ያሉትን ጨምሩ፣ መጓጓዣም ስጧቸው።

ክትትሉ ሚያዝያ ላይ አልቋል፣ ፋይሉም ተዘግቷል። ሰኔ ላይ ካርድ የተሰጠ ቀን ግን በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ሐሙስ እንኳ አልነበረም። ልጁ ካርዱን ከእኔ ቀድሞ ለእሷ ሰጣት፤ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ትምህርት በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

እህቴ፣ ይሄን ካየሽው ስምሽን አልጠራሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እሁድ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። ልጁም ጠብቂያት ብሎኛል፤ ያቺኑ ጀሪካን ከአሁኑ አጥቦ አስቀምጦልሻል።