ካት 50 ፕላዝማ መቁረጫ ከወራት ስራ በኋላ፦ ዋናው ነገር ሳጥኑ ውስጥና መስመራችሁ ላይ ነው

ምሰራው ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ ነው፣ የግቢ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ። ይቺን ካት 50 ኢንቨርተር ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ አርክ በጋለ አየር ብረት አቅልጣ ምትቆርጥ ማሽን) ከመርካቶ ገዝቼ ክረምቱንም በጋውንም አብራኝ ሰርታለች። አቆራረጧን ቶሎ ልለፈው፦ 1.5 እና 2 ሚሊ ላሜራ ላይ ከግራይንደር ጋር ማወዳደርም ይከብዳል፣ 6 ሚሊ ቆንጆ አድርጋ ትቆርጣለች፣ 10 ላይ እጅን ቀስ ማድረግ ነው፣ ከዛ በላይ አትድከሙ። ስቴንለስና አልሙኒየምም ትቆርጣለች። የኦክስጅን መቁረጫ ብረቱን እያቃጠለ ስለሆነ ሚቆርጠው እነሱ ላይ አይሆንም፣ ለፕላዝማ ግን ከረንት ሚያስተላልፍ መሆኑ ይበቃል።

እኔ በደንብ ማውራት ምፈልገው ስለ ፓወር ሶርሱ፣ ማለትም የመስመሩን መብራት ለአርኩ ሚያዘጋጀው ሳጥን ነው። ምክንያቱም ሰፈራችን ውስጥ "ማሽኑ ደከመ" ተብሎ ጥግ ሲጣል ያየሁት ሁሉ ሚገባለት መብራት ነው ያነሰው እንጂ እሱ ምንም አልሆነም።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ከመስመር ሚገባው 220 ቮልት ኤሲ መጀመሪያ በዳዮድ ብሪጅ ዲሲ ይሆንና ትላልቅ ካፓሲተሮች ላይ ይጠራቀማል፣ እዛ ጋ 310 ቮልት አካባቢ ነው። ከዛ አይጂቢቲ ሚባሉት ስዊቾች ይሄን ዲሲ በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ እያበሩ እያጠፉ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሰዱታል። መስመራችን በሰከንድ 50 ዙር ብቻ ነው፣ ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ትራንስፎርመሩ ትንሽ ኮር ይበቃዋል፣ የድሮው ከባድ ማሽን አሁን በአንድ እጅ ሚነሳ የሆነው በዚህ ነው። የወጣው እንደገና በፈጣን ዳዮዶች ዲሲ ሆኖ በቾክ ኮይል ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ኔጋቲቩ ቶርቹ (በእጅ ይዘን ምንቆርጥበት) ውስጥ ወዳለው ኤሌክትሮድ፣ ፖዘቲቩ በክላምፑ ወደ ላሜራው።

ከመበየጃ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ቮልቴጁ ነው። በኤሌክትሮድ ስንበይድ አርኩ 20 ምናምን ቮልት ላይ ይነዳል፣ የፕላዝማው ግን በጠባብ ኖዝል (የቶርቹ ጫፍ ቀዳዳ) በአየር ተጨምቆ ሚወጣ ስለሆነ 100 አካባቢ ይፈልጋል፣ አርክ ሳይኖር ባዶውን ደሞ ከ250 በላይ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ኖዝል ስትቀይሩ ማሽኑን አጥፉት በናታችሁ።

ሌላው፣ ይሄ ፓወር ሶርስ አጥብቆ ሚይዘው አምፒሩን ነው፣ ቮልቴጁን አይደለም። 40 ላይ አድርጋችሁ ቶርቹን ትንሽ ብታርቁት አርኩ ይረዝማል ቮልቴጁ ይጨምራል አምፒሩ ግን እዛው ነው፣ ከረንቱን ሚለካ ሴንሰር አለ እሱን እያየ የአይጂቢቲዎቹን የመክፈቻ ጊዜ ያሰፋል ያጠባል። ይሄ ባይኖር ፕላዝማው በጋለ ቁጥር ከረንት ማሳለፍ እየቀለለው አምፒሩ ዝም ብሎ ይወጣና ኖዝሉ ይቀልጣል።

አሁን ሂሳቡን እዩት። 40 አምፒር በ100 ቮልት 4 ኪሎዋት ነው፣ በመሀል በሙቀት ሚባክን አለ፣ ደሞ እንዲህ አይነት ኢንቨርተር ከመስመር ሚስበው ሞገዱ ጫፍ ላይ እየነጠቀ ስለሆነ ፓወር ፋክተሩ (ከሚስበው ከረንት በትክክል ስራ ላይ ሚውለው ድርሻ) ዝቅ ያለ ነው፣ ሲደመር ወደ 30 አምፒር ይጠጋል። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምድጃውን ለኩሶ መብራቱ 180 ሲገባ ያንኑ ስራ ለመስራት የበለጠ አምፒር መሳብ አለባት፣ አምፒር ሲጨምር ገመዱ ላይ ሚባክነው ቮልት ይጨምራል፣ ካፓሲተሩ ላይ የነበረው 310 ወደ 250 ይወርዳል፣ ስዊቾቹ እስከመጨረሻ ተከፍተው እንኳ 40ውን መያዝ ያቅታቸውና አርኩ መሀል ላይ ድርግም ይላል። 30 ሜትር ሚሆን ባለ 2.5 ካሬ ኤክስቴንሽን 30 አምፒር ሲያልፍበት ብቻውን 13 ቮልት ገደማ ይበላል፣ በ6 ካሬ ግን ወደ 5 ይወርዳል። እኔ ከቆጣሪው ቀጥታ 6 ካሬ በራሱ ብሬከር አዘርግቼ ነው ምሰራው፣ ወፍራም ላሜራ ጠዋት ቆርጬ ማታውን ለብየዳና ለቀለም እተወዋለሁ። ለቴሌቪዥን ሚሸጡትን ስታቢላይዘሮች እርሱት፣ አቅማቸው አይደለም።

የኔዋ አርክ ምትጀምረው በሃይ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ማለትም ለቅጽበት ብዙ ሺ ቮልት በኤሌክትሮዱና በኖዝሉ መሀል ይፈነጥቅና ፓይለት አርክ (ትንሿ መነሻ አርክ) ይለኮሳል፣ ላሜራው ሲቀርብ ወደሱ ይዞራል። ቀለም የተቀባ ላይ እንኳ ይነሳል ደስ ይላል፣ ግን ፍንጣሪው አጠገብ ያለ ሬዲዮ ይረብሻል፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ሚመራ መቁረጫ) ላይ ልትገጥሙ ያሰባችሁ አየሩ ራሱ ኤሌክትሮዱን ገፍቶ ሚያስነሳውን አይነት ብትፈልጉ ይሻላል።

አየሩም ችላ ሚባል አይደለም። እኛ ያለነው ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው ሊትር እዚህ በክብደት ያንሳል፣ ስለዚህ ከሚባለው ከፍ ያለ ግዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ታንኩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ጠዋትና ማታ ካላፈሰሳችሁትና የውሃ ማጣሪያ ከሌለ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ያለችው ሃፍኒየም (አርኩ ሚነሳባት ትንሽ ብረት) ቶሎ ትበላለች።

በጋ ላይ ከሰአት ቆርቆሮው ስር ሙቀት ሲበረታ ቢጫዋ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት ትበራለች። ማሽኗ ላይ ዲዩቲ ሳይክል 60 ፐርሰንት ማለት ከ10 ደቂቃ 6ቱን ቆርጦ 4ቱን ማሳረፍ ነው፣ ስትበራ ከሶኬት አትንቀሉ ፋኑ እየሰራ ያብርዳት። የግራይንደር ብናኝ ከረንት ያስተላልፋል፣ ቦርዱ ላይ ሲጠራቀም ሾርት ያደርጋል፣ እኔ በየጊዜው ነቅዬ ካፓሲተሩ ባዶ እስኪሆን ቆየት ብዬ በደረቅ አየር እነፋዋለሁ። እስካሁን ቦርዷ አልተነካም፣ ሚያልቀው ኖዝልና ኤሌክትሮድ ብቻ ነው።

ለበርና መስኮት ስራ አይቆጫችሁም ግዙ፣ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ማታ ላይ ምድጃ አስለኩሳችሁ ቮልቱን አስለኩት፣ 190 እንኳ ማይደርስ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ገመዱ ላይ አውጡት። ስሪ ፌዝ ያስገባችሁ ደሞ በ380 ሚሰራውን ውሰዱ፣ ጭነቱ ለሶስቱ ፌዝ ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ገመድ ላይ ሚያልፈው አምፒር በጣም ይቀንሳል።