«ከዜሮ በኮድ እንሰራላችኋለን» ሲሏችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ፔንሽን፣ ትራንዚት ቢሮ፣ ክሊኒክ ወይም ሱቅ ኖሯችሁ ዌብሳይት ለማሰራት እየተደራደራችሁ ያላችሁ ድሬዎች፣ ቀብድ ሳትሰጡ ይህን አንብቡ። በሰው ካርታ ላይ ቤት የመስራት ያህል አደገኛ ውል አለ፦ ከፋዩ እናንተ፣ ስሙ የሌላ፣ ቁልፉም የሌላ።

ማባበያው «እኛ ዝግጁ ቴምፕሌት አንጠቀምም፣ ከዜሮ ኮድ ጽፈን ነው የምንሰራው» የሚለው ነው። በዚህች ቃል ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ዌብሳይት በሁለት መንገድ ይሰራል። አንደኛው እንደ ዎርድፕሬስ ባለ ዝግጁ የይዘት ማስተዳደሪያ ላይ ሲሆን፣ ጽሁፉንና ፎቶውን ራሳችሁ ገብታችሁ ትቀይራላችሁ። ዎርድፕሬስ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ማንም በነጻ አውርዶ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው፤ የምትከፍሉት ለሰሪው ጉልበት፣ ለቴሙ (ለገጹ ዝግጁ ንድፍ)፣ ለሆስቲንጉ (ሳይቱ ለሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) እና ለዶሜይኑ (ለሳይቱ አድራሻ) ነው። ሁለተኛው ፕሮግራመር በፒኤችፒ፣ በላራቬል ወይም በሌላ ለእናንተ ብቻ ኮድ የሚጽፍበት ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ሥራ ናቸው። ማጭበርበሩ አንዱን ሰርቶ የሌላውን ሂሳብ መቀበሉ ላይ ነው።

ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሰሪው «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ያሳያችሁን ገጽ በኮምፒውተር ክፈቱና ኮንትሮልና ዩ አንድ ላይ ተጫኑ። ገጹ የተሰራበት ኮድ ይዘረገፋል። ከዚያ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ «ደብልዩ ፒ» ሰረዝ «ኮንቴንት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ። ከተገኘ ዎርድፕሬስ ነው። እዚያው መስመር ላይ «ቴምስ» ከሚለው ቃልና ከእዝባሩ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የቴሙ ስም ነው፤ ጎግል ላይ ስትጽፉት ስንት እንደሚሸጥ ይወጣል። ከታዋቂዎቹ ብዙዎቹ 60 ዶላር አካባቢ ናቸው። ምልክቱ ጠፋ ማለት ግን በኮድ ተሰርቷል ማለት አይደለም፤ የሚደብቁት ፕለጊኖች (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አሉ፣ እንደ ዊክስ ያሉ ሌሎች ዝግጁ ሲስተሞችም አሉ።

ከዚህ የሚብሰው የተሰበረ ቴም ነው። ሰሪው 60 ዶላሯን ላለመክፈል ፈቃዱ የተሰበረ፣ «ነልድ» የሚሉትን ቅጂ ያወርዳል። እንዲህ ያለውን ቅጂ በነጻ የሚበትኑት ሰዎች ለጽድቅ ብለው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ የጓሮ በር፣ ማለትም እነሱ በስውር የሚገቡበትን መንገድ፣ የሚከፍት ትንሽ ፋይል ይሸጉጡበታል። ለሳምንታት ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ የፔንሽናችሁ ስም ጎግል ላይ ሲፈለግ የቁማር ገጽ ይወጣል፣ ወይም በስልክ የሚገባ ሰው ብቻ ወደማይታወቅ ቦታ ይወረወራል፤ ባለቤቱ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ግን ደህና ነው። ቆይቶ ክሮም ቀይ የማስጠንቀቂያ ገጽ ያወጣበታል፣ ወይም ሆስቲንግ ካምፓኒው ያግደዋል። ፈቃድ ስለሌለው ከባለቤቶቹ አፕዴት አይመጣለትም፣ ቀዳዳውም እንደተከፈተ ይቀራል። ስለዚህ ቴሙና የሚከፈልባቸው ፕለጊኖች የተገዙበት ደረሰኝ በእናንተ ኢሜይል እንዲመጣ ውሉ ላይ አስገቡ። አቅም ከሌለ ከዎርድፕሬስ የራሱ ማውጫ ነጻውን ይጠቀም፤ ለፔንሽን ከበቂ በላይ ነው።

የትኛው ይሻላችኋል? ከዚራ ሰፈር ያለ ፔንሽን የሚያስፈልገው የክፍሉ ዓይነት፣ ዋጋው፣ ፎቶው፣ ስልኩና ካርታው ነው። ይህ በኮድ ሲሰራ ብዙ ጊዜ የአልጋው ዋጋ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ ይጻፍና አንዲት አሃዝ ለመቀየር ሰሪውን መለመን ይመጣል። እሱ አዲስ አበባ ከገባ ወይም ስልኩን ካላነሳ የአምናው ዋጋ እዚያው ይቀመጣል፣ እንግዳውም ስልኩን እያሳየ በዚያው ዋጋ ይሟገታችኋል። በዎርድፕሬስ ቢሆን ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ በስልኳ ገብታ በ2 ደቂቃ ታስተካክለዋለች። በኮድ ማሰራት የሚገባው የራሱ ሂደት ላለው ሥራ ነው። ለምሳሌ ትራንዚት ቢሮው ደንበኛው የኮንቴይነር ቁጥሩን አስገብቶ ዕቃው ጅቡቲ ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን፣ ድሬዳዋ ይድረስ እንዲያይለት ከፈለገ። ያኔም ቢሆን «ስለ እኛ» እና «አድራሻችን» የሚሉትን ገጾች በዎርድፕሬስ አድርጎ መከታተያውን ብቻ በኮድ ማጻፉ ወጪ ይቀንሳል። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ኖሮት ዕቃውና ዋጋው በየቀኑ ለሚለዋወጥበት ሰው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቴሌግራም ቻናልና ጎግል ማፕ ላይ በነጻ የሚመዘገብ አድራሻ ይበቃዋል። ዌብሳይት ግዴታ አይደለም።

ትልቁ ወጥመድ ዶሜይኑ ላይ ነው። ዶት ኮም ዶሜይን በዓመት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌላችሁ ሰሪው «በእኔ ካርድ ልክፈለው» ይላል። በካርዱ መክፈሉ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በራሱ አካውንትና በራሱ ኢሜይል ሲያስመዘግበው ነው። ዶሜይኑን የሚያዘው አካውንቱን የያዘ ሰው ነው፣ የከፈለ ሰው አይደለም። እንዲህ አድርጉ፦ ለድርጅቱ አዲስ ኢሜይል በእናንተ ስልክ ክፈቱ። በዚያ ኢሜይል የዶሜይን ሻጩ ላይ አካውንት አብራችሁ ተቀምጣችሁ አውጡ። ሰሪው ካርዱን እናንተ አካውንት ላይ አስገብቶ ይክፈል፣ ብሩን እዚያው ስጡት፣ የካርዱን ቁጥር ከአካውንቱ ላይ ያጥፋ። ዶት ኢቲ ከፈለጋችሁ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በድርጅታችሁ ስም አመልክቱ። «የዕድሜ ልክ ዶሜይን እንሰጣለን» የሚላችሁን አትስሙ፤ ዶት ኮም በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አይመዘገብም። ጊዜው አልፎ ሳይታደስ ከቆየ 30 ቀን የሚቆይና በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል፣ እሱም ካለፈ ከ5 ቀን በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ሌላዋ ተንኮል ረቂቅ ናት። «ፓስወርዱን ሰጥቻችኋለሁ» ይላል፣ እውነትም ይገባል። ግን ዎርድፕሬስ ውስጥ የተጠቃሚ ደረጃ አለ፣ የሰጣችሁም «ኤዲተር» የሚባለውን ሊሆን ይችላል። ስትገቡ በግራ በኩል ያለውን ጥቁር ዝርዝር እዩ። «ፕለጊንስ» እና «ሴቲንግስ» የሚሉት ከሌሉ አድሚኒስትሬተር አይደላችሁም፤ ጽሁፍ ትቀይራላችሁ፣ ሳይቱን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሰው መሄድ ግን አትችሉም። በኮድ ከተሰራ ደግሞ የምትረከቡት ሙሉው ሶርስ ኮድ፣ ዳታቤዙ (የሳይቱ መረጃ የሚቀመጥበት)፣ የሰርቨሩ መግቢያና ሌላ ፕሮግራመር አንብቦ ሊያስነሳው የሚችል የአጫጫን ጽሁፍ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የቀረውን ብር አትልቀቁ።

ጽሁፉንም ፈትሹ። ከገጹ ላይ አንድ የአማርኛ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ከወጣ በዩኒኮድ (ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አጻጻፍ) አልተጻፈም፣ በስልክ አይነበብም፣ ጎግልም አያገኘው። ኦሮምኛና ሶማልኛ ከተጨመረ ገጾቹ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው፤ ፖሊላንግ የሚባለው ፕለጊን በነጻው እትሙ ይህን ይሰራል። ፎቶዎችም ከስልክ በቀጥታ በ4 ሜጋባይት ከተጫኑ ደንበኛው በሞባይል ዳታ ሲከፍት ይሰለቻል፤ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሁን።

ክፍያውን ከፋፍሉት፦ 30 በመቶ ቀብድ፣ 40 በመቶ ገጹ ተሰርቶ ስታዩት፣ 30 በመቶ ቁልፉን በሙሉ ስትረከቡ። ባክአፕም በእናንተ ጎግል ድራይቭ ላይ በየሳምንቱ ይቀመጥ፤ አፕድራፍትፕላስ የሚባለው የዎርድፕሬስ ፕለጊን በነጻ ያደርገዋል። ፋይሉና ዳታቤዙ ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጡ፣ አንዱ ብቻውን ሳይቱን አይመልስም። ዎርድፕሬስ ሲሆን አፕዴቱን በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ማን እንደሚያደርገውና ስንት እንደሚያስከፍል ከአሁኑ ይጻፍ።

አስቀድማችሁ የገባችሁበት ደግሞ በንዴት አትጀምሩ። መጀመሪያ ባክአፑን እጃችሁ አስገቡ። ከዚያ ሁኢዝ በሚባለው የዶሜይን መረጃ መፈለጊያ የዶሜይኑን ሻጭና የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ የባለቤቱ ስም ቢደበቅ እንኳ እነዚህ ሁለቱ ይታያሉ። እዚያው ሻጭ ጋር አካውንት ክፈቱና ሰሪው ዶሜይኑን ከእሱ አካውንት ወደ እናንተ እንዲያዛውር በጽሁፍ ጠይቁት፤ በአንድ ሻጭ ውስጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እምቢ ካለ የማብቂያውን ቀን አትጠብቁ። አዲስ ዶሜይን በስማችሁ ገዝታችሁ ባክአፑን እዚያ አስነሱ፣ ጎግል ማፕ ላይ ያለውን አድራሻ፣ ታፔላውንና ቢዝነስ ካርዱን ቀይሩ።