ካርቶኑ 10000 ዋት ይላል፣ ጀርባው 60 ዋት

ለቤት ስፒከር ልትገዙ ካሰባችሁ ካርቶኑን ተዉትና የዕቃውን ጀርባ እዩ። የመብራት ገመዱ የሚገባበት ጋ ትንሽ ጽሑፍ አለች። እውነቱ ያለው እሷ ላይ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ብሬ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።

አምና እዚህ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ፊቱ ላይ ባለ ቀለም መብራት የሚሽከረከርበት ስፒከር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 10000 ዋት ይላል። «ለሳሎን አይበዛም?» ብዬ ስጠይቀው ባለሱቁ «ወንድሜ፣ የበዛውን ትቀንሰዋለህ፤ ያነሰውን ከየት ትጨምረዋለህ?» አለኝ። አሳመነኝ። ባጃጅ ላይ ጭኜ ማራኪ ሰፈር ቤታችን አስገባሁት።

እስቲ አብረን እናስላው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። 10000 ዋት ማለት ሦስት ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደመስካት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 45 አምፔር ይመጣል፤ የቤታችን ሶኬት ግን ቢበዛ ለ16 አምፔር የተሠራ ነው። እውነት ይህን ያህል የሚበላ ቢሆን ኖሮ ድምፁን ከፍ እንዳደረግሁት ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ጀርባውን አዙሬ ሳይ 60 ዋት ይላል። ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ፒኤምፒኦ ይባላል። ለቅጽበት ብልጭ ብላ የምትጠፋን ጉልበት እያንዳንዱ ፋብሪካ በፈለገው መንገድ አስልቶ የሚጽፈው ነው፤ ሁሉም የሚስማሙበት መለኪያ የለውም። ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚችለውን የሚነግራችሁ አርኤምኤስ የሚባለው ነው። ሱቅ ስትገቡ እሱን ጠይቁ።

ዋቱ ራሱም ቢሆን ብዙ አያስጨንቅ። የድምፅ ጩኸት የሚለካው በዲሲቤል ነው፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 86 ዲሲቤል የሚሰጥ የቤት ስፒከር የተለመደ ነው። ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ በደህና ድምፅ ሲያወራ 60 ዲሲቤል አካባቢ ነው። አንዷ ዋት ብቻዋን ሳሎኑን ትሞላለች ማለት ነው። ከዚያ 3 ዲሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ ጆሯችን «አሁን እጥፍ ጮኸ» የሚለው ደግሞ 10 ዲሲቤል ሲጨመር ነው፣ ለዚያ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ20 እና በ40 ዋት መካከል የምትሰሙት ልዩነት ትንሽ ነው።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያ ስፒከር ጸጥ አለ። ፒያሳ ታች ወደሚሠሩ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ሲከፍቱት ልይ?» አልኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። ከፊት ሲታይ አንድ ትልቅና ሦስት ትንንሽ ድምፅ ማውጫ ነበረው። ከኋላ ሲታይ ከትንንሾቹ ሽቦ የተያያዘው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ባዶ ፕላስቲክ፣ የተቀባ ፊት ብቻ ናቸው። ጋሼ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ እንደ ጣሳ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስለ ስፒከር ልኬት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት።

ያነበብኩት ሲጨመቅ ይህ ነው። ፍሎይድ ቱል የሚባል ካናዳዊ ሳይንቲስት በአገሩ ብሔራዊ የምርምር ተቋም ውስጥ ለዓመታት ሰዎችን ከመጋረጃ ወዲህ እያስቀመጠ ስፒከር አስደምጧል። ሰው የትኛው እየሠራ እንደሆነ ሳያይ ሲመርጥ፣ አብዛኛው የሚመርጠው ድምፁ ከታች እስከ ላይ ሳይጎብጥና ሳይሰምጥ የሚሄደውን፣ ወደ ጎንም ተመሳሳይ ድምፅ የሚረጨውን ነው። ዛሬ ስፒከር በደንብ ሲለካ በየ10 ዲግሪው፣ በአግድምም በቁምም፣ 70 ጊዜ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። የልኬቱ ግራፍ ከወጣ፣ ወሬው ሁሉ ቀርቶ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ታያላችሁ። ካርቶን ላይ «ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ» የሚል ብቻ ካያችሁ ግን ምንም አልነገራችሁም። ኸርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ነው። ስንት ዲሲቤል ሲጎድል ነው 20 ኸርዝ የደረሰው? «ፕላስ ማይነስ 3 ዲሲቤል» የሚል፣ ማለትም ድምፁ ከ3 ዲሲቤል በላይ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ የሚናገር ከጎኑ ከሌለ ቁጥሩን እርሱት።

ከዚያ እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ኤዲፋየር አር1280ቲ የሚባል ጥንድ ትንንሽ ስፒከር አስመጣኋት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለመዝሙር መቅጃ የሚጠቀምበትን ጄቢኤል 305ፒ ማርክ 2 የሚባል የስቱዲዮ ስፒከር ለአንድ ቅዳሜና እሁድ አዋሰኝ። ጋሼ የጠገኑት ትልቁም አለ። ሦስቱን አንድ ሳሎን ውስጥ አሰለፍኳቸው።

መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል ማድረግ ነበረብኝ፣ ይህን የሚዘል ሰው ንጽጽሩን ገና ሳይጀምር አበላሽቶታል፤ ምክንያቱም ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ፒንክ ኖይዝ የሚባል፣ እንደ ጢስ ዓባይ ከሩቅ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ። እሱን አጫወትኩና ሶፋው ላይ ስልኬን ይዤ በነጻ በሚገኝ የዲሲቤል አፕ አስተካከልኳቸው። የስልክ ማይክ ትክክለኛውን ቁጥር ባይሰጥም እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ይበቃል። ከዚያ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥሬ ነጠላ ሰቀልኩበት። እማዬ፣ ታናሽ ወንድሜና አንዲት ጎረቤታችን ከነጠላው ወዲህ፣ እኔ ወዲያ ማዶ ገመድ እየቀያየርኩ።

ትልቁን ማንም አልመረጠውም። አንድም ሰው! መብራቱ ሳይታይ ሲሰማ ቤዙ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ይደልቃል፣ ከበሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃና ይሆናል፣ ዘፋኙ ደግሞ በጨርቅ አፉን የሸፈነ ይመስላል። እማዬ ስብከት አጫውቼላት በአር1280ቲ ሲሆን «ይሄኛው ላይ መምህሩ ምን እንዳሉ ሰማሁ» አለች። ወንድሜ 305ቱን መረጠ። መሲንቆ ሲመጣ የጭራውን ሸካራነት፣ ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ የሚሰማውን ያችን ትንሽ ጭረት ሰማሁ ይላል፤ እኔም ሰምቻታለሁ፣ በትልቁ ስፒከር አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

ፋብሪካዎቹ የሚሰጡት ቁጥር ከሰማነው ጋር ይሄዳል። አር1280ቲ ከ75 ኸርዝ እስከ 18 ኪሎኸርዝ፣ ባለ 4 ኢንች ቤዝ፣ ሁለቱ ተደምረው 42 ዋት አርኤምኤስ። የወንድ ድምፅ የሚጀምረው ከ85 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ዜናው፣ ስብከቱ፣ ድምፃዊው ሁሉ ሙሉ ነው የሚመጣው። ከበሮው ይሰማል፣ ሆድ ድረስ ግን አይወርድም። 305ቱ ባለ 5 ኢንች ነው፣ ከ49 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ በፕላስ ማይነስ 3 ዲሲቤል፣ እያንዳንዱ ስፒከር 82 ዋት። ከበሮው እሱ ላይ ይወርዳል። ከሶፋው ዳር ብትቀመጡም ድምፁ ብዙ አይለወጥም፤ እንግዳ ለሚበዛበት ሳሎን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለኑሮ ግን አር1280ቲ ይቀላል። ሪሞት አለው፣ ቤዝና ትሬብሉን ከጎኑ ታስተካክላላችሁ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ባንዴ ይያያዙበታል። ብሉቱዝ የለውም፣ ከፈለጋችሁ አር1280ዲቢ የሚባለውን ፈልጉ። 305ቱ የስቱዲዮ ዕቃ ነው። ከስልክ ጋር ለማያያዝ ልዩ ገመድ ይፈልጋል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ሶኬት ይይዛሉ፣ ድምፅ ለመቀነስ ደግሞ ከኋላ እጅ መስደድ አለ። በተጨማሪም የሚሸጠው በነጠላ ስለሆነ ዋጋ ስትጠይቁ «የአንዱ ነው የሁለቱ?» በሉ። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ወር የሰማሁት ዛሬ አይሠራም።

የትኛውንም ግዙ፣ ቤቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የእኛ ሳሎን ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ፣ ይህ በደርሶ መልሱ 8 ሜትር ሲካፈል የሚመጣው 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳ መሀል ይመላለስና ግድግዳው ጥግ ያብጣል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። የእማዬ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ስለነበር ነው 305ቱ «ይጎመጉማል» ያለችው። ወንበሯን ግማሽ ሜትር ወደፊት ሳስጠጋው ተወችው። ስፒከር ማዕዘን ላይ አትወትፉ፣ ቤዙን ይነፋዋል። እኔ ከግድግዳው 30 ሳንቲም አርቄ፣ ትንሿ ድምፅ ማውጫ ከጆሯችን ትክክል እንድትሆን አድርጌ አስቀመጥኩት። ቡፌው ላይ ስናስቀምጠው ሲኒዎቹ ይንጫጩ ስለነበር ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ አደረግሁ፣ ጸጥ አሉ። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ካለ ደግሞ ጥርት ይላል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲደበደብ ግን ለዚያ የሚሆን ስፒከር የለም፣ አጥፍታችሁ ቡና አፍሉ።

አር1280ቲን አስቀረሁት። ከስታቢላይዘር ጋር ነው የሰካሁት፣ መብራት ሲሄድም ወዲያው ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ነው መልሼ የምሰካው። ትልቁን ወንድሜ አዘዞ ላሉ ጓደኞቹ ወሰደላቸው፤ ለደጅ ጨዋታ ይሆናቸዋል፣ መብራቱ አሁንም ይሽከረከራል። ለመግዛት ስትሄዱ የምታውቁትን አንድ መዝሙር ወይም ዘፈን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለሱቁ የመረጠውን ቤዝ ብቻ አትስሙ፤ በዝቅተኛ ድምፅ አስከፍቱና ቃላቱን ትሰሙ እንደሆነ አጣሩ።