በልማድ መጾምና ከልብ መጾም

ወር በገባ በ23 ጠዋት ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ቁሙ። አንዱ ከታክሲ ሳይወርድ በመስኮት ያማትባል። ሌላዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ግንባሯን ግንቡ ላይ አስደግፋ ትቆያለች። ማን በልማድ፣ ማን ከልቡ? ከውጭ አይለይም።

ጾም ላይ ግን ትንሽ ይታያል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በልማድ የሚጾመው ሥጋና ወተት ይተዋል፤ በያይነቱ ከፊቱ አድርጎ ግን ሰው ያማል። (እኔም ስንቴ!) ከልቡ የሚጾመው ለተጣላው ሰው ይደውላል። የሚበሉት ያው ሽሮ ነው።

ቢሆንም ልማዱን አልንቅም። እናቴ ረቡዕና ዓርብን ያስጾመችኝ ምኑም ሳይገባኝ ነው። ባለፈው ወር ጸሎት አልመጣ ሲለኝ፣ እግሬ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደረሰኝ።