ቀሚስ፣ ፎቶና የአዲስ አበባ ጉብኝት «በአንድ ፓኬጅ»፦ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባን በሀበሻ ቀሚስ! ስድስት ሰፈር፣ ሦስት ልብስ፣ ሜካፕ፣ ፎቶ አንሺና መኪና ጨምሮ።» ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሞልቷል። ገናና ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ከውጭ ለሚመጡ ወገኖች በብዛት ይላካል። ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ እንዳሉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጥቅሉ በራሱ ለገዢው የሚጎዳ ነው፤ ምክንያቱም ዋናው ወጪ የሚመጣው ማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈው ነገር ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነስታችሁ 12 ሰዓት ብትመለሱ በእጃችሁ ያለው 9 ሰዓት ነው። በስድስት ቦታዎች መካከል አምስት ጉዞ አለ፤ በቅዳሜ መንገድ አንዱን በ35 ደቂቃ ብናስበው እንኳ 3 ሰዓት ሄደ። ልብስ ሁለት ጊዜ መቀየርና ፀጉር ማስተካከል 1 ሰዓት፣ ምሳ 1 ሰዓት። የቀረው 4 ሰዓት ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰፈር 40 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ መኪና ማቆሚያ መፈለጉ፣ ትኬትና ፍተሻው ሁሉ ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። በዚያ ላይ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ነጭ ቀሚስ ደግሞ ጥለቱ እስኪጠፋ ድረስ ያንጸባርቃል። ጥሩ ፎቶ የሚወጣው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የስድስት ሰፈር ዋጋ ከፍላችሁ ደህና ፎቶ የምታገኙት ከሁለቱ ብቻ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ፎቶዎችም በደንብ እዩ። የፒያሳ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. በስፋት ፈርሷል። «ጉብኝታችን» ብሎ የፒያሳውን የዶሮ ማነቂያ ሰፈር የድሮ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች የሚያሳይ ሰው ወይ ያረጀ ፎቶ ነው የለጠፈው ወይ የሌላ ሰው ነው። አሁን ፒያሳ ሄዳችሁ የምታገኙት የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን፣ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ ጣይቱ ሆቴልን ነው። እሁድ ጠዋት መርካቶን የሚያስጎበኝ ፕሮግራም ካያችሁም ጠርጥሩ፤ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ የሚጠብቃችሁ የተዘጋ የሱቅ በር ነው።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን ልብሱ ላይ ነው። «የሽሮ ሜዳ የእጅ ሽመና» ተብሎ በሽመና ዋጋ የሚከራየው ቀሚስ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ሽፎን ወይም ፖሊስተር ሆኖ ይገኛል። ሽፎን መልበስ ነውር የለውም፤ ቀላል ነው፣ አይጨማደድም፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ችግሩ የከፈላችሁት ለሌላ ነገር መሆኑ ነው። መለየት ከባድ አይደለም፤ ጥለቱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። በእጅ የተሸመነ ጥለት ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስላለ በጀርባም ክሩ ሲመላለስ ይታያል፤ እዚህም እዚያም ትንሽ መዛነፍ አያጣም። የታተመ ከሆነ ጀርባው የገረጣ ወይም ነጭ ነው። በማሽን የተጠለፈ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ወረቀት መሰል ጠንካራ ድጋፍ ጨርቅ ተለጥፎበት ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ስፌቱን ፈልጉ። ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ቀሚስ ሲሆን ተጋጥሞ ይሰፋል፤ ያለ አንድም መገጣጠሚያ ዙሪያውን የሚዞር ሰፊ ጨርቅ የፋብሪካ ነው። ለመግዛት ከሆነ ከውስጥ ስፌት ላይ አንዲት ክር ሻጩን አስፈቅዳችሁ ምዘዙና በክብሪት አቃጥሏት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል።

ቀሚሱን ሳትለኩ ቀብድ አትክፈሉ። «ሁሉም ሳይዝ አለን» የሚባለው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይጠበባል ማለት ነው፤ ከፊት ብቻ ፎቶ ለመነሳት ያስኬዳል፣ ስትራመዱ ግን ይተረተራል። ስትለኩ በምታደርጉት ጫማ ቁሙ፤ ጫፉ ከመሬት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ማለት አለበት። መሬት የሚጠርግ ነጭ ቀሚስ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ አንድ ሰዓት አይቆይም፤ ለቀሚሱ ያስያዛችሁት ገንዘብ የሚቀርባችሁም እዚያ ላይ ነው።

ስለ ማስያዣው፦ ቀሚሱን ስትረከቡ አከራዩ ባለበት አንገቱን፣ ብብቱን፣ ዚፑን፣ ጫፉንና ነጠላውን በስልካችሁ አንሱና ፎቶውን ወዲያው በቴሌግራም ላኩለት፤ ቀኑና ሰዓቱ እዚያው ይመዘገባል። ዋናው የጭቅጭቅ ምክንያት አንገቱ ላይ የሚቀር የሜካፕ ቅባት ነው። ሜካፕ ከተሠራችሁ በኋላ ቀሚሱን በራስ በኩል የምትለብሱ ከሆነ ቀጭን ሻርፕ ፊታችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ልበሱ። ፓስፖርት ወይም ዋናውን መታወቂያ ለማስያዣነት በፍጹም አትስጡ፤ ኮፒ ይበቃል። «ኮፒ አንቀበልም» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

«ሁሉን ያካተተ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የመግቢያ ትኬትን፣ የባለሙያ ካሜራ ክፍያንና የፎቶ አንሺውን ምሳ አያካትትም። ሙዚየምና ፓርክ ውስጥ በስልክ ማንሳት የተፈቀደበት ቦታ እንኳ ለትልቅ ካሜራ የተለየ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፤ ፈቃዱን የሚያወጣውና የሚከፍለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቤተ መንግሥት አካባቢና ኤምባሲዎች ፊት ለፊት ካሜራ አታውጡ፤ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ የአሜሪካ ኤምባሲ ስላለ ይህን የማያስጠነቅቅ አስጎብኚ ሥራውን አያውቅም። የፎቶ ብዛትም ይጻፍ፦ ስንት የተስተካከለ፣ ስንት ያልተነካ፣ በስንት ቀን። «200 ፎቶ» ተብሎ ተስተካክሎ የሚመጣው 15 ከሆነ መከራከሪያ የሚሆናችሁ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ለየብቻ ብታዘጋጁት ይሻላል፤ ይረክሳልም። ቀሚሱን አርብ ዕለት ከሱቅ ለክታችሁ ተከራዩ፣ ፎቶ አንሺ ለሁለት ሰዓት ብቻ ቅጠሩ፣ ታክሲውን በየጉዞው ክፈሉ። ቅዳሜ ጠዋት መርካቶን በጠቆር ያለ ሱሪ፣ በጥጥ ሸሚዝና በስኒከር ዙሩ፤ ቦርሳ በደረት በኩል የሚንጠለጠል ትንሽ ይሁን፤ ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማ ለዚያ ግፊያ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ስትገቡ በዚያው ሱሪ ላይ ጥለት ያለው ሸሚዝ ወይም ነጠላ መደረብ ይበቃል፤ ለወንዶችም ቢሆን አንገቱ ላይ ጥለት ያለው ሸሚዝ ከጂንስ ጋር በጣም ያምራል። እሁድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም አትቀበሉ፤ ለመሳለም ከሄዳችሁ ነጠላና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያዙ። ቀሚሱን ለእሁድ 10 ሰዓት፣ ለእንጦጦ አስቀምጡት። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከመሀል ከተማ አራት አምስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱም ሽፎን አያስለብስም። እዚያ ፈትል ቀሚስ፣ ከላይ ጋቢ ወይም የሱፍ ሻርፕ፣ ከታች ጠፍጣፋ ጫማ ይሁን። ተረከዝ ያለው ካስፈለገ በቦርሳ ያዙና ለፎቶው ብቻ ቀይሩ፤ ኮብልስቶን ላይ ይሰበራል።

ቀብድ ከፍላችሁ ሻጩ «ፕሮግራሙ ተሰርዟል፣ ለሌላ ጊዜ እናዙርላችሁ» ካለ እሺ ለማለት አትቸኩሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ ተቀባዩ ከተወ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ቀብድ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ፤ የተቀባዩ ስም ከድርጅቱ ስም ጋር ካልገጠመም አትላኩ። ደረሰኝ ጠይቁ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ከተታለላችሁ ማስታወቂያው ሳይጠፋ በስክሪንሾት አስቀሩት፤ የተጻጻፋችሁትንና የክፍያውን ማረጋገጫ አያይዛችሁ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።