ገፊው ወይስ ሳቢው? የዝንብ ፅንስ የዘር ሕዋሳት ጉዞ
የፍሬ ዝንብ ፅንስ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ነገ እንቁላል ወይም ስፐርም የሚሆኑት የዘር ሕዋሳት ከኋላ ጫፉ ተነስተው፣ የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው፣ የዘር እጢ ወደሚሠራበት ቦታ ይጓዛሉ። መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?

አንዱ ገፊ ነው። ውነን የተባለው ኢንዛይም ያለበትን ቦታ ይሸሹታል። እሱ ከሌለ ይበታተናሉ።

ሌላው ሳቢ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝም እሱ ነው። ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ ይባላል። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች የሚያግዱት ኢንዛይም ማለት ነው! ዝንብ ግን ኮሌስትሮል አትሠራም፤ ኢንዛይሙን ለሌላ ቅባት ነክ ሞለኪውሎች ትጠቀምበታለች። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙ ያለቦታው እንዲመረት አደረጉ። የዘር ሕዋሳቱም ወደዚያው ሄዱ። ገፊው «እዚህ አትምጡ» ይላል፤ መድረሻውን የሚያሳየው ግን ሳቢው ነው።