ክሪኩ ማንሳቱን ያነሳል፣ ይዞ መቆየቱስ?

ሞተር ሳይክሌ 260 ኪሎ ትመዝናለች። ከሰባት ወር በፊት ከሥሯ ገብቶ የሚያነሳ የሃይድሮሊክ ክሪክ ገዛሁላት። ዘይት ስቀይር፣ ካቴና ሳጸዳ ምንም አላስቸገረኝም። ባለፈው ወር ግን አመኔታዬን አጣ።

የኋላ ጎማዋ ኩሽኔታ መጮህ ጀምሮ ስለነበር ላወልቀው አነሳኋት። ጎማው ከመሬት ሦስት ጣት ያህል ከፍ አለ። የዳዶውን መፍቻ ፈልጌ ስመለስ አንድ ጣት ቀርቶታል። ማንም አልነካትም። ተንበርክኬ ሳይ የፒስተኑ ዘንግ በዘይት ረጥቧል። ዘይቱን እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ ያፈሳል ማለት ነው። ጎማውን አውልቄ ቢሆንስ ኖሮ? የኋላው ክብደት ሲቀንስ ሞተሯ ወደ ፊት ታደላለች። እሱ ላይ ክሪኩ ሲወርድ፣ እጄም ከሥሯ ሲሆን አስቡት።

«500 ኪሎ ያነሳል!» ነበር ሻጩ ያለኝ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ያነሳል። ግን ማንሳት ሌላ፣ ይዞ መቆየት ሌላ። ሃይድሮሊክ የሚያነሳው በዘይት ግፊት ነው። ጎሚኒ ያልቃል። ቫልቭም ትንሽ ቆሻሻ ከገባበት በደንብ አይዘጋም። ስለዚህ ሞተሯ ከተነሳች በኋላ ሸክሙን መሸከም ያለበት የብረት መቆለፊያ ነው፣ ዘይቱ አይደለም።

«መቆለፊያማ አለው» ትለኝ ይሆናል። አለው፣ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ታችና ጫፍ ላይ። ጎማ ለማውለቅ የምፈልገው መሃሉን ነው። ጫፍ ድረስ ካነሳኋት ትወዛወዛለች። ስገዛ መቆለፊያ እንዳለው ጠይቄያለሁ። ስንት ቦታ ይቆልፋል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ብገዛ በብሎን የሚዞረውን እመርጥ ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ እጅ ያደክማል፣ ግን ያቆሙት ቦታ ይቆያል። ሃይድሮሊክ የምትገዙ ካላችሁ ጥርሱ ብዙ ቦታ የሚይዝ መቆለፊያ ያለውን ፈልጉ። የሞተራችሁንም ሆድ አጎንብሳችሁ እዩ። ማርሚታው ወይም የዘይት ፊልትሩ ከፍሬሙ በታች ከወረደ፣ ክሪኩ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እኔ ፍሬሙ ላይ እንዲያርፍ ሁለት ጣውላ ጨምሬበታለሁ።

አሁን የፊት ፍሬኑን በገመድ አስሬ፣ ከፍሬሙ ሥር ጠንካራ ግንድ ደግፌ ነው የምሠራው። ጎሚኒውንም ቀይሬያለሁ። ያም ሆኖ እጄን ከሥሯ ከማስገባቴ በፊት፣ በጎማውና በመሬቱ መሃል ጣቶቼን ከትቼ እለካለሁ።